ሲቀነስ ስምንት መቶ

ጥቅምት 4

እትዬ፣ የቁጥር እመቤት፦

ጤናሽን አልጠይቅም። ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ እስክሪብቶሽ ወረቀቱን በስቶ ወጥቷል፤ እንዲህ የሚጫን ክንድ ያለው ሰው ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ፣ ግራ ጆሮዬ ሲቀር። ጋሼ ደብዳቤሽን ሁለቴ ካነበቡት በኋላ ቆንጥጠውታል።

አዎ፣ «ወድቆ ተሰበረ» ብዬ ጽፌያለሁ። ምኑ እንደተሰበረ ግን አልጻፍኩም። የተሰበረው የጋሼ የሻይ ብርጭቆ ነበር። አንቺ የቴሌስኮፑ መስታወት ነው ብለሽ ቢሮሽ ወለል ላይ ከተዘረጋሽና ጸሐፊዋ ውሃ ከረጨችብሽ እኔ ምን ላድርግ? ይቅርታ ግን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ጋሼ ጠይቅ ስላሉኝ። ሁለተኛ፣ ትንሽ ስላዘንኩ። ትንሽ።

ትልቁ መስታወትሽማ አልቆ እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጥግ ተኝቷል። መሃሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ ጋሼ ራሳቸው ናቸው የበሱት፤ እኔን አያምኑኝም። አጎትሽን ታውቂያቸው የለ? ላይ መነጽር ቤቱ ውስጥ ለደንበኛ ሲስቁ ይውሉና፣ ምድር ቤት ወደ መስታወት መፍጫው ሲወርዱ ፊታቸውን ደረጃው ላይ ቀይረው ይመጣሉ። የማለስለሻው ቀይ ዱቄት ከጥፍሬ አልለቅ ብሎ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ከእኔ ፈቀቅ እያለ ነው። ቦታ ይሰፋኛል፤ አልከፋኝም።

የትንሹ መስታወት ወረቀትሽም ደርሷል። ጋሼ «ሥዕሉስ?» ብለው ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ቁጥር ብቻ። ሥዕል ለምን ቀረብን? ደግሞስ ምን እንዲህ ያስቸኩልሻል? «ገባህ ወይ?» ብለሽ በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኛል። ገብቶኛል። ትልቁ ሲቀነስ ሁለት ሺህ አራት መቶ ነበር፣ ትንሹ ሲቀነስ ስምንት መቶ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከሒሳብ ጋር ብፋታም፣ ሲቀነስ ምን እንደሆነ ከትልቁ ተምረናል፤ እጃችን ለምዷል።

ስልክ እንዳልደውል ያልሽውንም አክብሬያለሁ። ያኔ «ሰባት» ስልሽ «ሰባ» የሰማሽው ግን አንቺ ነሽ።

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 15

ፌንጣ፦

ይቅርታህ ደረሰኝ። ይቅርታ ከሆነ።

ሥዕል ለምን እንደቀረብህ ትጠይቀኛለህ? አታፍርም? የትልቁን መስታወት ሥዕል መልሰህ ስትልክ ጢም ስለህለት ነበር። በብርሃን መስመሮቹ ላይ ደግሞ እግር፣ በእግሮቹ ላይ ጫማ። ፖስታውን የከፈቱት አለቃዬ ናቸው። ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዘው መጥተው «የኦፕቲክስ ባለሙያሽ ይሄ ነው?» አሉኝ፣ አምስት ሰው ባለበት። ከዚያ ወዲህ ለአንተ ሥዕል አልስልም ብዬ ማልኩ። ቁጥር ይበቃሃል። ቁጥር ጢም አይወጣለትም።

የትንሹን መስታወት ሥራ ባትጠይቀኝም ልንገርህ። ትልቁ ብርሃኑን እየሰበሰበ ወደ ላይ ይልከዋል፤ ትንሹ ከፊቱ ቆሞ መንገድ ላይ ተቀብሎ በትልቁ መሃል ባለው ቀዳዳ በኩል ወደ ዓይናችን ይመልሰዋል። ትንሹ በፀጉር ስንጥቅ ከተሳሳተ የትልቁ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው።

ለምን እንደምቸኩል ልነግርህ አልፈለግኩም ነበር። ካልነገርኩህ ግን ትቀልዳለህ፤ ስለዚህ ስማ። በታኅሣሥ መጨረሻ ኮሚቴ ይመጣል። አለቃዬ ያለቀለት ቴሌስኮፕ ከነጋዴ ይገዛ ነው የሚሉት። የእኛው ተፈትኖ ከሠራ የንድፍ ክፍሉ ይቀጥላል። ካልሠራ ይዘጋል፤ እኔ ወደ መንገድ ክፍል ተዛውሬ ዕድሜዬን የአስፋልት ተዳፋት ሳሰላ እኖራለሁ። «ማን ነው የሚሠራልሽ?» ሲሉኝ «አጎቴና ወንድሜ፣ በእነሱ እተማመናለሁ» ብያለሁ። ተናግሬያለሁ፤ ከአፌ ወጥቷል። እባክህ።

ለጋሼ እጅ ትነሳለች በላቸው።

እህትህ

*

ኅዳር 3

ለመንገድ ክፍል እጩ ሠራተኛ፦

አትቆጪ፣ ቀልድ ነው። የትም አትሄጂም! ትንሹ መስታወት ደርሷል፤ ኩርባው ወጥቶለታል፤ ለስልሷል፤ እኔ ራሴ ፊቴን ባየሁበት ቁጥር ቁንጅናዬ ይጨምራል።

«እንዴት ፈተናችሁት?» ማለትሽ አይቀርም፤ እንዳስተማርሽን ነዋ። ምድር ቤቱን አጨለምን። ጋሼ መብራቱን በቆርቆሮ ሸፍነው በመርፌ ቀዳዳ ብቻ ብርሃን አሳለፉ። ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ሄዶ ተመለሰና አንዲት ነጥብ ላይ ጥርቅም ብሎ ተሰበሰበ። ብርሃኑን እንዲቆርጥ ምላጩን ነጥቡ ላይ ሳስጠጋ የመስታወቱ ፊት በሙሉ ባንዴ ጠቆረ፤ አንድ ጥግ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ አይደለም። ስንለካው ልክ ስምንት መቶ ሚሊሜትር። ጋሼ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከእሳቸው ይህ ጭብጨባ ነው።

አንቺ ስፋቱን ሰባ አምስት ሚሊሜትር ብለሻል። ጋሼ ግን መቶ ሠላሳ አድርገው ነው የጀመሩት፤ «ጠርዝ ሲሠራ ይበላሻል፤ ሰፋ አድርገህ ጀምር፣ ሲያልቅ ቁረጥ» ይላሉ። ትርፉን በቅርቡ ይቆርጡታል። የሚቀረን የመጨረሻው ቅርጽ ነው፤ ቁጥሩን ላኪልን።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽ ላይ የቢሮሽ አድራሻ ሥር «ክፍል ቁጥር» የሚለውን ሰርዘሽዋል። ክፍል ቀየርሽ እንዴ?

የመስታወት ጌታ

*

ኅዳር 10

አንተ ልጅ፦

የምጽፈው ቆሜ ነው።

«ብርሃኑ አንዲት ነጥብ ላይ ተሰበሰበ» ብለህ ጽፈሃል። ትንሹ መስታወት ብርሃን አይሰበስብም። ሊሰበስብ አይችልም። ይበትናል። ጉብ ያለ ነው! ደረቱን የነፋ! በእንደዚህ ያለ መስታወት ምላጭህን ይዘህ እስከ ዓመት ብትቆም የምትይዘው ነጥብ የለም። እሱን እንዴት እንደምትፈትኑ እያሰብኩ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነበር።

ደብዳቤህን ለሥራ ባልደረባዬ አሳየሁትና «ወንድሜ እየቀለደ ነው» ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ለእኔም አላማረኝ።

ፌንጣ፣ ቀልድ ነው በለኝ። እምላለሁ አልቆጣም። ያለፈውንም፣ የሚመጣውንም ይቅር ብዬሃለሁ። ቀልድ ነው ብለህ አንድ መስመር ጻፍልኝ።

ስለ ክፍሌ ያነሳኸውን ተወው።

እህትህ

*

ኅዳር 17

እትዬ፦

ቀልድ አይደለም።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ብጽፍልሽ አላመንሽኝም፤ እኔ ራሴ በአንቺ ቦታ ብሆን አላምነኝም ነበር። መስታወቱ ጎድጓዳ ነው። እንደ ወጭት ጎድጓዳ፣ ውሃ ብታፈሺበት ይይዛል። ይኸው ከፊቴ ነው።

ግን ስሚኝ። ወረቀቱ ላይ «ሲቀነስ» ይላል። እኛ ምድር ቤት ውስጥ መቀነስ ማለት መፋቅ ነው። ጋሼ «ቀንስ» ካሉኝ ከመሃሉ ብርጭቆ አነሳለሁ፤ «ቀነስክ?» ካሉኝ ጎድጉዷል ወይ ማለታቸው ነው። ትልቁን «ሲቀነስ» አልሽ፣ ቀነስነው፣ ጎደጎደ፣ «እሰይ» አልሽን። ትንሹንም «ሲቀነስ» አልሽ። ቀነስነው። ምን በደልን? ጉብ እንዲል ብትፈልጊ «ሲደመር» አትዪም ነበር?

ጋሼ ደብዳቤሽን አንብበው ወደ መነጽር ቤቱ ወጡ። ደንበኛ መጥቶ አልሳቁለትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሁለተኛውን ጆሮዬን አዘጋጅቼ ጠብቄያቸው ነበር።

አንድ ነገር ታይቶኛል። መስታወቱን የፈጨንበት የታችኛው ብርጭቆ የእሱ ግልባጭ ነው፤ ላይኛው ሲጎደጉድ ታችኛው ጉብ ይላል። ኩርባው ያው ስምንት መቶ። እሱን ብናለሰልሰውስ? መፈተኛው ነው የጨነቀኝ። ብርሃን ከሚበትን ነገር ፊት ምላጭ ይዤ ልቁም እንዴ?

ወይስ አዲስ ብርጭቆ እንጀምር? ቀኑ ይበቃናል? ተናገሪ፤ የምትዪውን እንሠራለን።

በዚህኛው ደብዳቤ ላይ ምንም እንዳልሳልኩ አስተውይልኝ።

ፌንጣ

*

ኅዳር 24

ፌንጣ፦

ጠርዙን አትቁረጡት! ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብህ በፊት ተነስተህ ለጋሼ ንገራቸው። ከዚያ ተመለስ።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ የራሴን ደንብ ጥሼ መነጽር ቤቱ ስልክ ደወልኩ። ጋሼ አነሱ። ከጀርባቸው ማሽኑ ያጓራል። «ጋሼ፣ መስታወቱን እንዳትቆርጡት!» አልኳቸው። «አይዞሽ፣ ዛሬውኑ እንቆርጠዋለን» ብለው ዘጉት። መልሼ ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። ደጋግሜ ደወልኩ። አሁን መስታወቱ ይኑር አይኑር ሳላውቅ ነው የምጽፍልህ።

ሲቀነስ ስለ ጉድጓድ አይደለም የሚናገረው። ብርሃን ከግራ ይመጣል ብለን እንስማማ፤ የኩርባው ማዕከል ከመስታወቱ በስተግራ ከሆነ ሲቀነስ ነው፣ በስተቀኝ ከሆነ ሲደመር። ትልቁ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ ነው የቆመው፤ ማዕከሉ በግራ ስለሆነ ከፊቱ ነው፤ ስለዚህ ይጎደጉዳል። ትንሹ ከትልቁ ጋር ተፋጦ ፊቱን ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ማዕከሉ በግራ ነው ካልኩህ ከጀርባው ነው፤ ስለዚህ ጉብ ይላል። ሁለቱም ሲቀነስ፣ አንዱ ጉድጓድ፣ አንዱ ጉብታ። «ጉብ ያለ» ብዬ ሁለት ቃል ልጽፍ እችል ነበር። አውቃለሁ። አትንገረኝ።

የታችኛውን ብርጭቆ ተወው፤ ያለ መፈተኛ እዚያ ምድር ቤት አይሞከርም። ይልቅ ይህን ስማ። ጎድጓዳ መስታወትም ይሠራል፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። ብርሃኑ ከመሰብሰቡ በፊት ሳይሆን፣ ተሰብስቦ፣ ተሻግሮ፣ እንደገና መበተን ሲጀምር ነው የሚቀበለው። ያንተን ስምንት መቶ በቀመሩ አስገብቼ ሠራሁት። ከትልቁ ዘጠኝ መቶ ሚሊሜትር ላይ ሊቆም የነበረው አንድ ሺህ ሰባት መቶ ላይ ይቆማል። ማጉላቱ ያው አራት እጥፍ፣ ብርሃኑ ከትልቁ ጀርባ የሚወጣበት ቦታም ያው። ቁጥሩ እንዲህ ሙሉ ሆኖ ሲወጣ ደነገጥኩ፤ የቀለድክብኝ መስሎኝ ደጋግሜ ሠራሁት።

ችግሩ ግን አለ። ብርሃኑ ተሻግሮ ስለሚሰፋ ሰባ አምስት አይበቃም፤ መቶ ሃያ አምስት ሚሊሜትር ያስፈልጋል። የናንተ መቶ ሠላሳ ነው፣ ወይም ነበር። ጋሼ ካልቆረጡት አለን። ከቆረጡት የለንም።

የመጨረሻው ቅርጽ ኤሊፕስ፣ ማለትም ሞላላ፣ ይሁን። ቁጥሩን ትቻለሁ፤ በአንተ ቋንቋ ልንገርህ። መብራቱን ከመስታወቱ አምስት መቶ ላይ አስቀምጠው፤ ብርሃኑ ሁለት ሺህ ላይ አንዲት ነጥብ ሆኖ እስኪሰበሰብ አሽው። የምድር ቤቱ ኮሪደር ርዝመት ይበቃሃል። ሥዕሉንም ይኸው አያይዣለሁ። ምለሽ ነበር አትበለኝ።

ኮሪደር ስል ትዝ አለኝ፦ ጠረጴዛዬን ወደ ኮሪደር አውጥተውታል። ክፍሉ የተዘጋ ያህል ነው። ያልነገርኩህ ለዚያ ነው።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 4

እትዬ፦

አልተቆረጠም! ተቀመጪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ጸሐፊዋን አትጥሪ።

የዚያን ቀን ጋሼ ሽርጣቸውን እያሰሩ ወረዱ። «እህትህ ደውላለች። ቶሎ ቁረጡት ነው የምትለው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምን ብላ ነው ያለችው? ቃሉን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ቁረጡት ነው ያለችው። እኔ ደንቆሮ ነኝ?»

«ኧረ ጋሼ! እትዬ ከተወለደች ጀምሮ ‹ቁረጡ› ብላ አታውቅም። የእሷ ንግግር በ‹እንዳት› ነው የሚጀምረው። እንዳትነካ፣ እንዳትስል፣ እንዳትደውል። እንዳትቆርጡት ብላ ይሆናል።»

«የሰማሁትን ሰምቻለሁ!»

«የሰሙት የቃሉን ጭራ ነው፤ ራሱን ማሽኑ በልቶታል።»

ሊቆነጥጡኝ እጃቸውን ሲሰነዝሩ መስታወቱን በፎጣ ጠቅልዬ ደረጃውን ወጣሁ። ደብዳቤሽ እስኪመጣ ድረስ መስታወቱ አልጋዬ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ ነው የተኛነው። ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ። ጋሼ አነበቡት፤ የመጀመሪያውን መስመር ሁለቴ። «ማሽኑ ይጮሃል» አሉ። ይቅርታ መሆኑ ነው፤ ተቀብያለሁ።

ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ለጥፈነዋል። ምንም አልጨመርኩበትም፣ እጄ ግን ይበላኛል። አንዴ ሥዕሉን ስናየው ጋሼ «ይሄ ቀድሞ ቢላክ እኮ ወር ሙሉ ባልተጨቃጨቅን» አሉ። ለማን እንዳሉት አላውቅም፤ ለእኔም ለአንቺም አስተላልፌዋለሁ።

አሁን እንደ ቃልሽ እያሸን ነው። መብራቱ አምስት መቶ ላይ፣ እኔ ኮሪደሩ ጫፍ ሁለት ሺህ ላይ ምላጭ ይዤ። ሲያልቅ ሁለቱንም መስታወት ጠቅልዬ በአውቶቡስ እልካለሁ፤ ለሾፌሩ የአራስ ልጅ ዕቃ ነው እለዋለሁ፣ ቀስ ብሎ እንዲነዳ። ለኮሚቴሽ ቱቦው በሰማንያ ሴንቲ ሜትር መርዘሙን ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያቸው? የቴሌስኮፕ ቤቱ ጣሪያ መክደኛስ ይዘጋል?

ከኮሪደር ወደ ኮሪደር፣ ፌንጣ

*

ታኅሣሥ 29

ፌንጣ፦

ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ግን ብታየኝ ቆሜ የምጮህ ይመስልሃል።

መስታወቶቹ በደህና ደረሱ። ሾፌሩ «ሕፃኑስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቱቦው ጫፍ ላይ በያጁ ሦስት ዘንግ ጨመረልኝና ትንሹን መስታወት እዚያ አሰርነው። መክደኛው አልዘጋ አለ፤ በላስቲክ ሸፈንነው። አለቃዬ አይተው «ይሄ ነገር አደገ?» አሉ። «አዎ» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

ኮሚቴው መጣ። በቀን! የከዋክብት ቴሌስኮፕ ሊፈትኑ መጥተው፣ ሊቀ መንበሩ «ከሥራ ሰዓት ውጪ አንቆይም» አሉ። «ኮከብ እኮ በቀን አይታይም» ስላቸው «የሚታይ ነገር አሳዪን እንግዲህ» አሉኝ። ነጋዴውም የራሱን ቴሌስኮፕ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ። ሁለቱንም ከማዶ ወዳለው የሰዓት ማማ አዞርናቸው።

ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ በነጋዴው አዩ። «ሰዓቱ ተገልብጧል!» አሉ። ነጋዴው፣ እውነቱን ነው፣ «በሰማይ ላይ ላይና ታች ስለሌለ ለኮከብ ለውጥ የለውም» አላቸው። «እኔ ግን ምድር ላይ ነኝ» አሉት።

ከዚያ በእኛው አዩ። እኛ ዘንድ ብርሃኑ አንዴ ስለሚሻገር የተገለበጠው መልሶ ይገለበጣል። ሰዓቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቁጥሮቹ ይነበባሉ፤ ደቂቃ ቆጣሪው ላይ የተቀመጠች እርግብ አንገቷን ስታክ ትታያለች። ሊቀ መንበሩ «ይሄ ነው ቴሌስኮፕ!» አሉ። አባላቱ ተሰልፈው እርግቧን አዩ። ኩርባህ ጥርት ያለ ነበር፣ ይህን አልክድህም፤ የእርግቧ ላባ ሁሉ ይቆጠራል። ግን ማንም ስለ ጥራቱ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። አንድም ቁጥር! ሌሊት የሠራሁት ስሌት ሁሉ ፎልደር ውስጥ ታቅፌው ቆሜያለሁ።

አላስቻለኝም። «ቀጥ ብሎ መታየቱ ጥቅም የለውም፤ ነጋዴው ያለው ልክ ነው። ደግሞም እንዲህ የሆነው በስህተት ነው፤ ትንሹ መስታወት ጉብ ያለ መሆን ነበረበት» አልኳቸው። አለቃዬ ግንባራቸውን ያዙ። ሊቀ መንበሩ ሳቁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብለው እንዳጻፉ ታውቃለህ? «ኮሚቴው የባለሙያዋን ትሕትና ያደንቃል።»

ክፍሉ ይቀጥላል። ጠረጴዛዬ ወደ ክፍሉ ተመልሷል። ሪፖርቱ ላይ የመስታወት ሠሪዎቹን ስም ጽፌያለሁ፤ የጋሼን ከላይ፣ ያንተን ከታች። አለቃዬ «ያ ጢም የሚስለው ነው?» አሉ። «እሱ ነው» አልኳቸው። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ለአንተ ምስጋና ከሰጡ አናት ላይ ትወጣለህ።

ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ደስ ብሎኛልም። ግን የመጣልኝን አዲስ ትእዛዝ ስማ። በእጥፍ የሚበልጥ ቴሌስኮፕ እንድነድፍ ታዟል፤ ከሥሩም በሊቀ መንበሩ እጅ ተጨምሯል፦ «ከዋክብቱም እንደ ሰዓቱ ቀጥ ብለው እንዲታዩ ይደረግ።» ይህን በየትኛው ቀመር እንደማስገባው ንገረኝ። አንተና ጋሼስ ትሠሩታላችሁ ወይ?

እህትህ

*

ጥር 6

እትዬ፣ ትሑቷ ባለሙያ፦

እውነት ተናግረሽ ማንም ሳያምንሽ ቀረ? እንኳን ወደ እኔ ሰፈር በደህና መጣሽ። ትለምጂዋለሽ።

ደብዳቤሽን ለጋሼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ማሽኑን አጥፍተው ነው የሰሙት። ስማቸው ከላይ መሆኑን ሲሰሙ «እንዲያው ዝም ብላ ነው» አሉ፤ ከዚያ ያንን ገጽ ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱት። መነጽር ቤት ለመጣው ሁሉ እንደሚያሳዩት በራሴ ዓይን አይቻለሁ። አንዱ ደንበኛ መነጽር ስላልነበረው ማንበብ አልቻለም፤ መነጽር ሠሩለትና አስነበቡት።

እንሠራዋለን። ጋሼ ብርጭቆውን ከአሁኑ እየፈለጉ ነው። ሰፋ አድርገው።

እኔ ግን አንድ ቁጥር ጎድሎኛል፤ ያለ እሱ እጄን ብርጭቆ ላይ አላሳርፍም። ሊቀ መንበሩን ጠይቂልኝ፦ የኮከብ እግሩ በየት በኩል ነው? መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ፣ ማኅተም የተመታበት።

ፌንጣ